ለጋሼ የሚሆን መኪና

ጋሼ ጡረታ ከወጣ በኋላ አንድ ቀን ድንገት ጋራዡ ድረስ መጣና ፈጣን መኪና ልገዛ ነው አለ። ታናሽ ወንድሙ መካኒኩ ከአንድ የጭነት መኪና ሆድ ሥር ተንፏቆ ወጥቶ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ቀልድ መስሎት ሊስቅ አፉን ከፈተ። ደግሞስ ማን አይስቅም? ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው፣ በስተርጅና፣ ወጣቶቹ የሚያብዱላት ዓይነት ዝቅ ያለች መኪና አማረችኝ ሲል!

የጋሼ ፊት ላይ ግን የቀልድ ምልክት አልነበረም። ኮቱን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ፣ አፈር ብሎ ነው የቆመው።

«ቤት የሚያህል ነገር ስነዳ ኖሬ» አለ፣ «መሪውን አዙሬ እስኪታዘዘኝ ስጠብቅ ዕድሜዬ አለቀ። አሁን ደግሞ ገና ሳስበው የምትዞርልኝን ልንዳ። አንተ ምረጥልኝ። ጥሩ ናት ካልከኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምገዛት።»

መካኒኩ የዚያን ቀን ደስታውን የሚያስቀምጥበት አጣ። አባታቸው ሲሞት እሱ ገና ቁምጣ ለባሽ ነበር፤ ያሳደገው ጋሼ ነው። በስም ወንድም ይባል እንጂ በግብር አባቱ ነው። መሪ ያስያዘው እሱ፣ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ያስገባው እሱ፣ ጥርሱን ነክሶ ያስጨረሰው እሱ። ይህን ሁሉ ሆኖለት ሲያበቃ ከታናሹ አንድም ነገር ጠይቆት አያውቅም። ጫማዬን አቀብለኝ ማለት እንኳ የሚከብደው ሰው ነው። አሁን መጥቶ ምረጥልኝ አለ። በዚያ ላይ መካኒኩ ራሱ ለእንደነዚህ ያሉ መኪኖች ነፍሱን ይሰጣል። ቀኑን ሙሉ ከጭነት መኪና ጭቃና ግራሶ ጋር እየታገለ፣ ትንንሾቹ ፈጣኖች በጋራዡ በር ሽው ብለው ሲያልፉ በድምፃቸው የሚለያቸው ሰው ነበር።

ሥራዬ ብሎ ፍለጋ ገባ። መኪና መሸጫውን ሁሉ አዳረሰ፣ ኮፈን አስከፈተ፣ መሬት ላይ ተኝቶ ሆዳቸውን አየ። በመጨረሻ ሦስቱን ለይቶ ጋሼ ቤት ሄደና፣ ሳሎን ውስጥ ፎቷቸውን በስልኩ እያሳየ ያብራራ ጀመር። የጋሼ ልጅ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ገና መመለሷ ነበርና፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ከአባቷ ጋር የምትኖረው እሷ ብቻ ናት።

የመጀመሪያዋ ቀይ፣ ሁለት በር ብቻ ያላት። ቱርቦዋ እስኪነቃ ትንሽ ታንቀላፋለች፤ ከነቃች ግን ወንበሩ ጀርባህን በቡጢ ይልሃል። ችግሯ መሬት ለመሬት መሄዷ ነው። መካኒኩ እንዳለው፣ መግባቱስ ይገባል፣ ለመውጣት ግን ጎታች ሳያስፈልግ አይቀርም። ሁለተኛዋ ነጭ ናት፤ አምስት በር፣ የኋላው በር ከነመስታወቱ ወደ ላይ የሚከፈት። ፍሬኗ የጉድ ነው፣ ዙሪያውን አጥርታ ታሳያለች፤ ሞላዋ ግን ከመድረቁ የተነሳ ጠጠር ስትረግጥ የሚነግርህ ጥርስህ ነው። ሦስተኛዋ ግራጫ። ቱርቦ የላትም፣ አትፈነጭም፣ በሩቁ ያያት ሰው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር መኪና ናት ይላል። ግን ሞተሯ ዙሩ ከፍ ባለ ቁጥር ይዘፍናል፣ ማርሿ አጭር ሆኖ ቅጭ ብሎ ይገባል፣ መሪዋ የአስፋልቱን ስንጥቅ ሳይቀር ለመዳፍህ ያወራል።

የጋሼ ዓይን ከቀይዋ አልነቀል አለ። ልጁ ሲጋጩ የሚነፋ ስንት የአየር ከረጢት እንዳላቸው ጠይቃ በነጯ ጸናች። የመካኒኩ ልብ ያለው ግራጫዋ ጋ ነው። እንደዚያ ሲከራከሩ፣ ልጅቷ ለመሆኑ በዚች በቀይዋ የኋላ ወንበር ሰው ይቀመጥበታል ወይ ብላ ጠየቀች።

«ማንም አይቀመጥበትም» አለ ጋሼ። «ዕድሜዬን ሙሉ ከኋላዬ ሰው ነበር።»

ሦስቱም ሳቁ። መካኒኩ በኋላ ያንን ሳቅ ሲያስታውስ፣ በዚህ ጉዳይ ሦስቱም አብረው የሳቁት የመጨረሻው ሳቅ ያ መሆኑ ያንገበግበዋል።

ቅዳሜ ቀይዋን ሊሞክሩ ሄዱ። ሻጩ ቁልፉን ለጋሼ ሰጥቶ፣ እንደ ልብዎ ይንዷት አባት ብሎ እዚያው ቀረ። መካኒኩ ከጎን ተቀመጠ። ጋሼ ወንበሩን አስተካከለ፣ ስፖኪዮውን አየ፣ ፍሬቻ አብርቶ ከግቢው ወጣ። አወጣጡ፣ መኪናዋ ውስጥ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ቢኖር ጠብ የማያደርግ ነበር። መካኒኩ እነዚያን ትልልቅ እጆች መሪው ላይ ሲያይ የልጅነት ኩራቱ ተመለሰበት። አውቶቡስ ጣቢያው ውስጥ የጋሼ ጓደኞች «ሰዓቱ» ነበር የሚሉት፤ የእሱን አውቶቡስ አይተው ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉ ሰዎች ነበሩ።

ዋናው መንገድ ላይ ትንሽ እንደሄዱ ጋሼ ፍሬቻ አበራና ቀስ ብሎ ዳር ይዞ ቆመ። ፌርማታ ነበር። አውቶቡስ የሚጠብቁት ሰዎች ጎንበስ እያሉ አዩአቸው። ጋሼ በስፖኪዮው ወደ ኋላ ተመለከተ፣ ጥቂት ጠበቀ፣ ከዚያ ተነሳ።

«ተሳፋሪ ናፈቀህ እንዴ?» አለው መካኒኩ እየሳቀ።

ጋሼም ሳቀ። ሳቁ ግን ዘግየት ብሎ ነው የመጣው፤ ሰው ሲስቅ አይቶ እንደሚስቅ እንግዳ።

የሚቀጥለው ፌርማታ ላይም ቆመ። መካኒኩ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ከዚያ በሚቀጥለው ደግሞ ቆመና ግራ እጁን ከመሪው ሥር ሰዶ የሆነ ነገር ይፈልግ ጀመር። ዳበሰ፣ ደግሞ ዳበሰ። እውነተኛው አውቶቡስ ከኋላ መጥቶ ክላክሱን ለቀቀባቸው። ጋሼ ወደ ኋላ እንኳ ሳይዞር፣ ረጋ ባለ የሥራ ድምፅ፣ «በሩ አልዘጋ አለኝ» አለ።

መካኒኩ ክው አለ። ደግነቱ አውቶቡሱ ደግሞ ሲጮህባቸው ጋሼ ብንን አለ። የመኪናዋን ዳሽቦርድ አየ፣ ወንድሙን አየ፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለበት።

«ልማድ ነው» አለ።

«ልማድ ነው» አለ መካኒኩም።

ራሱንም እንዲያው ሲያጽናና ሰነበተ። ዕድሜ ልኩን አንድ ሥራ የሠራ ሰው እጁ ቢሳሳት ምን ይገርማል? እኔስ ብሆን ቤቴ ውስጥ የቧንቧ ብሎን ሳጠብቅ መኪና ሥር ያለሁ አይመስለኝም? እያለ። ሳምንቱን እንዲህ ሆዱን እየደለለ ቆይቶ ግራጫዋን ሊሞክሩ ሄዱ።

ግራጫዋ ላይ ጋሼ አንድም ፌርማታ አልቆመም። እንዲያውም እንደ ልጅ ነው የሆነው። ማርሽ በቀየረ ቁጥር ቅጭ ስትል «ሰማሃት?» ይላል፤ ሞተሯ ሲዘፍን እሱም አብሮ ያንጎራጉራል። መካኒኩ ተንፈስ አለ። ያ የባለፈው እውነትም ልማድ ነው ብሎ ወንበሩን ደገፍ እንዳለ፣ ከፊታቸው መብራት ቀይ በራ። ጋሼ አየው። ዓይኑ መብራቱ ላይ እንደነበር መካኒኩ በደንብ አይቷል። እግሩ ግን ነዳጁ ላይ እንዳለ ቀረ። አንዲት ሴት ሁለት ዘንቢል ይዛ መሻገሪያው መሃል ደርሳለች። መካኒኩ በሁለት እጁ የእጅ ፍሬኑን ጎተተ፣ መኪናዋ ጎማዋ እየጮኸ ዞር አለችና ሴትዮዋ አጠገብ ቆመች። ሴትዮዋ አልጮኸችም። ዘንቢሏን አስቀምጣ አንድ እጇን ኮፈኑ ላይ አሳረፈች፤ መኪናዋ መቆሟን በእጇ የምታረጋግጥ ይመስል። ከዚያ ዘንቢሏን አንስታ ሄደች።

ጋሼ መሪውን ጨምድዶ እንደያዘ ወደ ፊት ይመለከታል። በመጨረሻ፣

«ፍሬኗ ደካማ ናት» አለ።

ፍሬኗ ደህና ነበረች። መካኒኩ በገዛ እጁ ጎማዋን አውልቆ የፍሬን ሸራዋን አይቷል፤ አዲስ ነው። ጋሼ ደግሞ ዞር ብሎ አየው፤ እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ ተከሳሽ። ያሳደገው ሰው በእንዲህ ያለ ዓይን ሲያየው መካኒኩ ዓይኑን ሰበረ።

«አዎ» አለ። «ፍሬኗ ደካማ ናት። ይቺ አትሆንህም።»

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው።

በማግስቱ የጋሼ ልጅ ወደምትሠራበት መድኃኒት ቤት ሄዶ፣ ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ ካርቶን ላይ ተቀምጦ የሆነውን ሁሉ ነገራት። አልደነገጠችም። እሷ ከእሱ በፊት ብዙ አይታ ኖሯል። አባቷ በአንድ ጠዋት ደጋግሞ እየደወለ ያንኑ ነገር ይጠይቃታል። አንድ ቀን አውቶቡስ ጣቢያው ሄዶ፣ የሾፌሮች ማረፊያ ውስጥ ተቀምጦ ተራዬን ንገሩኝ ብሎ፣ የድሮ ጓደኞቹ አባብለው ቤት አድርሰውታል። ሐኪም ጋም ወስዳዋለች። ሐኪሙ ምርመራውን ጨርሶ፣ የመርሳት በሽታ ነው፣ እየባሰ እንጂ እየተሻለው የሚሄድ አይደለም፣ መሪ መያዝ ደግሞ ከእንግዲህ ክልክል ነው ብሎ ሁለቱንም አስቀምጦ ነግሯቸዋል። አባቷ በትህትና እሺ ብሎ፣ ሐኪሙን አመስግኖ ወጣ። ከዚያ ወንድሙ ጋራዥ ሄዶ መኪና ምረጥልኝ አለ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«እንዳትነግሪው ብሎ አስማለኝ። ወንድሜ ፊት መዋረድ አልፈልግም አለ።» ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። «አጎቴ፣ እኔን አይሰማኝም። ስናገረው እንደ ሕፃን ነው የሚያየኝ። አንተ ንገረው። አንተን ይሰማሃል።»

እነግረዋለሁ ብሎ ቃል ገባ። ሲሄድም ቆርጦ ነው የሄደው። የሚለውን በመንገዱ ሁሉ ሲያጠናው መጣ፤ ጋሼ፣ መኪና ይቅርብህ፣ የትም መሄድ ስትፈልግ እኔ አለሁ። ይህን ለማለት ምን ይከብዳል? ቤት ሲደርስ ጋሼ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጺሙን ተላጭቶ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። የተቀመጠበት ሁኔታ ትምህርት ቤት የሚወስደውን ሰው የሚጠብቅ ልጅ ያስመስለዋል። መካኒኩን ሲያየው ፊቱ በራ። ዛሬስ የትኛዋን ነው የምናየው? አለው። መካኒኩ ያጠናው ሁሉ ከአፉ በነነ።

«አንዲት ሰማያዊ አለች» አለ። «እሷን አይተን እንመጣለን።»

ከዚያ በኋላ መኪና ማወዳደር ኑሯቸው ሆነ። በየቅዳሜው ይወጣሉ፤ የሚነዳው መካኒኩ ነው፣ እኔ ልፈትሻት አንተ ድምፅዋን አዳምጥ እያለ። ከዚያ ለእያንዳንዷ እንከን ይፈልጋል። ነጯ ካምቢዮዋ ያላዝናል አለ። ሰማያዊዋ ከፍጥነቷ ነዳጅ መጠጣቷ ይብሳል አለ። ሌላዋን ተገልብጣ የተጠገነች ናት አለ፤ ሻጩ ይህን ሰምቶ ደሙ ፈላ፣ ሰው መሃል ተሰደበ። ዕድሜውን ሙሉ የመኪና ነገር ዋሽቶ የማያውቅ ሰው፣ ጤነኛ ሞተር ላይ ጆሮውን ደቅኖ በሽታ ይፈጥርለት ጀመር። ጋሼ ሁሉንም ያምናል። አየሽ፣ ይላል ልጁን፣ እሱ ባይኖር እኮ ጉድ ሆኜ ነበር። ልጅቷ ደግሞ አጎቷን ታየዋለች፣ እሱም ወለሉን ያያል።

ሲያንሰላስለው ቢኖርም መውጫ አላገኘለትም። ቢነግረው ይሰብረዋል። ባይነግረው አንድ ቀን ሰው ይገድላል፣ ወይ ራሱ ይሞታል። ዛሬ ነገ ሲል ወራት አለፉ፤ ጋሼም በዚያው ልክ እየባሰበት ሄደ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከመኪና መሸጫ ሲመለሱ፣ ጋሼ ድንገት መኪናውን አቁመው አለ። መካኒኩ ዳር ያዘ። የጋሼ ፊት የድሮው ፊት ነበር፤ ጉም ገለል ብሎለት እንደሚታይ ተራራ ጥርት ያለ። እንዲህ ያሉ ሰዓቶች አልፎ አልፎ ይመጡለታል።

«ቀይዋ ከመሬት አትነሳም፣ ግራጫዋ ፍሬን የላትም፣ ነጯ ታላዝናለች» አለ። «በዚች ከተማ አንድ ደህና መኪና ጠፋ?»

መካኒኩ እጁን ወደ ጆሮው ሰደደ።

«አትዋሸኝ። አንተን የማውቅህ እኔ ነኝ፤ ስትዋሽ ጆሮህን ታካለህ። ግራጫዋ ምን ሆነች?»

«ጋሼ...»

«ምንም አልሆነችም፣ አይደል? ችግሩ እኔ ጋ ነው?»

እነሆ፣ ወራት ሙሉ ሲፈራው የኖረው ነገር ተገልጦ ከፊቱ ተቀመጠለት። አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀረው። ጋሼ ራሱ አፉ ድረስ አምጥቶለታል። ግን ያ ሰው ጥያቄውን ጠይቆ ወዲያው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል፤ መልሱን የፈለገው ለመስማት ሳይሆን ላለመስማት ነው።

«ኧረ ጋሼ!» አለ። «አንተ ምን ሆነህ! አንተን የሚያህል ሾፌር የት አለ?»

ጋሼ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ወንበሩን ተደገፈ። መካኒኩ ግን የገባውን ቃል በገዛ አፉ እንደቀበረው ገብቶታል።

በማግስቱ ልጅቷ ሥራ ላይ ሳለች፣ ጋሼ ብቻውን ሄዶ ግራጫዋን ገዛት። ወንድሜ መርቋታል ብሎ ነበር ለሻጩ የነገረው። ነድቶም ቤቱ በሰላም አደረሳት፤ እንዴት እንዳደረሳት የሚያውቅ የለም። ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ ከበሩ ጎን ቆማ አገኘቻት። ደውላ ለአጎቷ ስትነግረው ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ እንኳ አልነበረም፤ ድካም ብቻ። እንግዲህ ና፣ አንድ ነገር አድርግ አለችው።

ያደረገው ነገር ይህ ነው። ጋሼ በተኛበት ሰዓት ኮፈኑን ከፍቶ፣ ነዳጅ የሚገፋውን ፓምፕ ፊውዝ ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ዕድሜውን ሙሉ የተበላሸ ሲሠራ የኖረ እጅ፣ ያማረች ጤነኛ መኪና፣ ያውም ከሁሉ አብልጦ የወደዳትን፣ ገደለ። ኮፈኑን ሲዘጋ ድምፅ እንዳታሰማ በሁለት እጁ ነበር ቀስ አድርጎ ያስተኛት።

ጠዋት ጋሼ ደወለ። አልነሳ አለችኝ፣ ና እይልኝ አለ።

ሄደ። ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ አለ። አንዱን ገመድ ነካ፣ ሌላውን አጠበቀ። ጋሼ መሪው ጋ ተቀምጦ፣ ሁለት እጁን ግራና ቀኝ አሳርፎ፣ «ልሞክራት?» ይላል። «ሞክራት» ይላል መካኒኩ። ሞተሯ ኡሁ ኡሁ ብላ ትቀራለች። «ግድ የለም፣ ነገ ደግሞ አያታለሁ።» በማግስቱም ያንኑ። ከሥራ በኋላ በየቀኑ እየመጣ፣ የቆሸሸ ቱታውን ሳያወልቅ፣ ምንም ያልሆነች መኪና ላይ ያቀረቅራል። አንዳንዴ ጋሼ መኪና መግዛቱን ራሱ ረስቶት፣ ይቺ የማን ናት ብሎ ሲጠይቅ መካኒኩና ልጅቷ ተገላገልን ይላሉ። ወዲያው ደግሞ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ያገኘዋል።

ዝናቡ መጣ። የግራጫዋ ጎማዎች አየር እያነሱ፣ መስታወቷ በቅጠል እየተሸፈነ ሄደ። አንድ ቀን መካኒኩ እንደ ልማዱ መጥቶ በሩን ሊያንኳኳ ሲል የጋሼን ድምፅ ከውስጥ ሰማ። ለልጁ ነበር የሚያወራው፣ ቀስ ብሎ።

«ጎበዝ መካኒክ አይደለም፣ ምን ታደርጊዋለሽ። እኔ ነኝ ተማር ብዬ የገፋሁት፤ ልቡ እዚያ ላይ አልነበረም መሰለኝ። ሌላ መካኒክ እንዳትጠሪ፣ ቅር ይለዋል። ፊቱ ላይም ምንም እንዳታሳዪው። ይልፋ፣ ተይው።»

ልጅቷ ምን እንዳለች አልተሰማም።

መካኒኩ በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ። እጁ ለማንኳኳት እንደተነሳ ነው። ከዚያ ዝቅ አደረገውና ወደ መኪናዋ ሄደ፤ ቅጠሉን ከኮፈኑ ላይ ጠርጎ ከፈተው። ጋሼ የኮፈኑን ድምፅ ሰምቶ ኮቱን ደረብ አድርጎ ወጣ፣ መሪው ጋ ገባና በሩን ዘጋ።

«ልሞክራት?» አለ፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ።

«ሞክራት፣ ጋሼ።»